ከውሃው በፊት ‹‹የት ነው?›› ይባል

ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅ የምናውቀው ሕክምና አንድ ነው። ወጌሻው በሩጫ ይገባል፣ ውሃ ያፈሳል፣ በረዶ ያስይዛል፣ ‹‹ተነስ፣ ምንም አልሆንክም!›› ይላል። ልጁ ካልተነሳ አራት ሰው እጅና እግሩን ይዞ ከመስመር ውጭ ያወጣዋል። ቁርጭምጭሚቱን ለተመታ ተጫዋች ይሄ ብዙም አይከፋም። ነርቩ ለተነካ ግን ዕዳ ነው።

እንደኔ እንደኔ ወጌሻዎቻችን ከስፕሬይ አረጫጨት በፊት መማር ያለባቸው ጉዳቱ ‹‹የት ነው?›› ብሎ መፈለግን ነው። የነርቭ ሐኪሞችም ‹‹ምንድነው?›› ከማለታቸው በፊት የሚጠይቁት ይሄንኑ ነው። መልሱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ሰው ሰውነት ራሱ ይናገራል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአንጎል ግራ ጎን የሚያዘው ቀኙን አካል ነው። ስለዚህ ፊት፣ እጅና እግር በአንድ ወገን አብረው ከደከሙ አንጎልን ይጠርጥሩ፤ ያውም ተቃራኒውን ጎን። ፊቱ ደህና ሆኖ፣ እያወራዎት፣ ሁለቱ እጆችና ሁለቱ እግሮች አልታዘዝ ካሉት አንገት ነው። እጆቹ ጤነኛ ሆነው እግሮቹ ብቻ ከከዱት ከአንገት በታች ህብለ ሰረሰሩን ያስቡ። ስሜቱ እምብርት ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነማ አሥረኛው የደረት ነርቭ ድረስ ቆጥረው መድረስ ይችላሉ። ትከሻው ተመትቶ አንድ እጁን እንደ ኮረንቲ ካቃጠለው ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ጥቅል ነው። ሁለቱንም እጆች ካቃጠለው ግን ጨዋታው ሌላ ነው፤ ጉዳዩ የአንገት ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳያነሳው!

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኬቨን ኤቨረት በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ለቡፋሎ ቢልስ ሲጫወት ተጋጭቶ ሲወድቅ እጅና እግሩ አልንቀሳቀስ አለው። የተጎዳው በሦስተኛውና በአራተኛው የአንገት አጥንት መካከል ነበር። እዚያ አካባቢ ትንፋሽ የሚስበውን ጡንቻ የሚያዙ ነርቮች ይነሳሉ። ሐኪሞቹ አንገቱን እንደያዙ አወጡት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእግሩ ሲራመድ ታየ። አራት ሰው እየጎተተ ቢያወጣው ምን ይሆን ነበር? መገመት አያዳግትም።

ጭንቅላት ላይ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ከጋራይ ጋር ተጋጭቶ ጥቂት ደቂቃ ተጫወተ። እግሩ ይሮጣል፣ እጁ ደህና ነው። ዳኛውን ሪዞሊን ግን ‹‹ይሄ ፍጻሜው ነው እንዴ?›› ብሎ ጠየቀው። አንጎል ሲናወጥ እንዲህ ነው፤ አንድ ቦታ ለይቶ መጠቆም ያስቸግራል፣ የጠፋው ትዝታው ነው። በረኛው ፒተር ቼክም በ2006 በሬዲንግ ሜዳ በጉልበት ተመትቶ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ያቺን ቆብ የለመድናት። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ እየደበተው ሄዶ አንደኛው የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ በዚያው ወገን የተጠራቀመ ደም ነርቩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ይሄኔ ውሃ ማፍሰስ ጊዜ ማባከን ነው። የጨዋታ ሕግ አውጪዎቹ እንኳ ከ2024 ጀምሮ ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቀድ በሕጉ አስገብተዋል።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ግን የእግር መዳፍ ነገር ነው። ተጫዋቹ ከጉልበቱ ውጭ በኩል ይመታል፣ በማግስቱ የእግሩ ጫፍ አልነሳ ብሎት መሬት ለመሬት ይጎተታል። ‹‹ወገብህ ነው›› ይሉትና ለኤምአርአይ ይላካል። ብሩ ይወጣል። ምንም ሕመም በሌለው ሰው ላይ እንኳ የወገብ ዲስክ ገፋ ብሎ መታየቱ የተለመደ ስለሆነ አንድ ነገር አይጠፋም፤ ልጁም ያላመመውን ወገቡን ሲታከም ይከርማል። ለመለየት ግን ሳንቲም አይጠይቅም። ‹‹እስቲ የእግርህን መዳፍ ወደ ውስጥ አዙር›› ይበሉት። በኃይል ካዞረ ችግሩ ጉልበቱ ላይ፣ ከቀጭኑ የቅልጥም አጥንት አናት ሥር የሚዞረው ነርቭ ነው። ይሄም ከደከመ ከወገብ የሚወጣውን አምስተኛውን ነርቭ ይጠርጥሩ። ጄይሎን ስሚዝ በ2016 መጀመሪያ የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ የተጎዳው ያ የጉልበት ነርቭ ነበር፤ ተመልሶም ለዳላስ ካውቦይስ ተጫውቷል።

ወጌሻ ሐኪም ይሁን አላልኩም። ክለቦቻችን ለአንድ የውጭ ተጫዋች ፊርማ ከሚከፍሉት ላይ ትንሽ ቆንጥረው አንድ የነርቭ ሐኪም ለሁለት ቀን ወጌሻዎቹን ቢያስተምርላቸው ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሆስፒታል ሲላክ ‹‹ራሱን ተመቷል›› ብቻ ሳይሆን የትኛው እጅ ደከመ፣ የትኛው ጣት ደነዘዘ፣ በስንተኛው ደቂቃ ጀመረው የሚል ብጣሽ ወረቀት አብሮት ይሂድ።