በገዛ እግሩ ይምጣ



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትዳር ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን አንድ ቡችላ ነው። «ውሻ ደግሞ በዚህ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንደማትጠፉ እንገምታለን። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁን ነገሩ ከልጆች አስተዳደግ ብዙ የማይርቅ መሆኑን ታዩታላችሁ፤ ኢንሻአላህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት አንድ ምሽት፣ መግሪብ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የ9 ዓመቱ ልጃችን ልብሱ በጭቃ ተለውሶ፣ በጆንያ አንድ ቡላ ቡችላ ይዞ ግቢ ገባ። «ልጆች በድንጋይ ሲወግሩት ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው ያገኘሁት፤ እባካችሁ አታስወጡብኝ» አለን።

ውሻን ለጨዋታ ብቻ ከቤት ማስገባት በሃይማኖታችን የሚወደድ እንዳልሆነ ይታወቃል። ለከብት ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ መያዝ ግን ተፈቅዷል፤ ብዙ ዑለሞችም የግቢ ጥበቃን ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ግቢያችን ጠባቂ ያስፈልገው ስለነበር ማደሪያው ከውጭ እንዲሆን፣ የሚበላበት ሳህንም ከቤት ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ወስነን ተቀበልነው። በጥም ለሚቃትት ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ በማጠጣቱ ምሕረት ስላገኘው ሰው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ የሰማ ልጅ፣ ከቦይ ያወጣውን ቡችላ መልሰህ ጣል ቢባል ምን ይማራል?

ጆንያው ሲፈታ ቡችላው ጭራውን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ፣ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እየተሳበ ከማገዶው ክምር ሥር ገባ። እኛም በዚያው ምሽት ስሕተት በስሕተት ላይ ደራረብን። ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያውን ከበበው። ወተት አቅርበን «ና! ና!» እያልን ጮኽንበት። በመጨረሻም ልጃችን ጎትቶ ሊያወጣው እጁን ቢሰድ ጣቱን ነከሰው።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ንክሻው ጭረት ቢመስልም እንኳ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። «ቡችላ ነው፤ ምን ያመጣል?» ብሎ መዘናጋት አይገባም። እኛም አጥበን ወሰድነው፤ ክትባቱም ተጀመረለት።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «ክፉ ውሻ ከነከሰ አይመለስም፤ አስወግዱት» ካሉን አንዱ ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኛም ልባችን ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ግን መጥቶ ካየው በኋላ እንዲህ አለን፦ «ዕድሜው ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ክፋት አይደለም፤ ማምለጫ ሲያጣ ነው የነከሰው። ለ10 ቀን ለብቻው ታጥሮ ጤንነቱ ይታይ። እስከዚያ ልጆች አይቅረቡት፤ እናንተም አትንኩት።»

በግቢው ጥግ በቆርቆሮና በእንጨት አጠርንለት፤ የሚሸሸግበትም ሣጥን አኖርንለት። ከሱብሒ ሰላት በኋላና ከዐስር በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሳህን ምግቡን አስቀምጠን ሳናየው፣ ሳንጠራው እንመለሳለን። መጀመሪያ ሰው ከግቢው ካልጠፋ አይበላም ነበር። በአራተኛው ቀን እኛ አሥር እርምጃ ያህል ርቀን ቆመን ሳለ ወጥቶ በላ። በስምንተኛው ቀን ኮቴያችንን ሲሰማ ከሣጥኑ አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ለጥንቃቄ ብለን የተውነው መንካት ለካ ዋናው መድኃኒት ኖሯል!

ሐኪሙ ይህን ስንነግረው ፈገግ ብሎ ምክንያቱን አስረዳን። የፈራ እንስሳ አስቀድሞ የሚፈልገው ፍቅር ሳይሆን መሸሽ መቻሉን ማወቅ ነው። መሸሻ ያለው ይጠጋል፤ መሸሻ የሌለው ይናከሳል። ጊዜውም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ቡችሎችን ሰው በማይቀርባቸው የታጠረ መስክ አሳድገው በተለያየ ዕድሜ ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ 14ኛ ሳምንታቸው ሰው ሳይለምዱ የቆዩትን ከዚያ ወዲያ ማላመዱ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። የእኛው ቡችላ የቀረው ጊዜ እንግዲህ አንድ ወር ቢሆን ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በር ጨርሶ ይዘጋል ማለት ባይሆንም ድካሙ ይበዛል፤ ሰው የሚፈራ ትልቅ ውሻም መጨረሻው ወይ ዱላ ወይ መርዝ ነው።

10ሩ ቀን በደኅና አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ። የልጃችንን የቀረ መርፌ ጉዳይ ለጤና ባለሙያው ተውን። ቡችላውም የሆድ ትል መድኃኒት ተሰጠው፤ ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባት እንዲወስድ ቀጠሮ ተያዘለት። ከዚያ በኋላ፣ ከእኛ አንዳችን እየተቆጣጠርን፣ ማላመዱን ለልጃችን ሰጠነው።

ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ልጁ ከቡችላው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዞሮ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ዓይን ዓይኑን አያየውም፤ ትኩር ብሎ ማየት ለውሻ ማስፈራራት ነውና። የማባዛት ሠንጠረዡን በለሆሳስ እያጠና የተቀቀለ ሳንባ በትንንሹ ይወረውርለታል። (ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት አይገባም። በውስጡ የውሃ ቋጠሮ ካለ ውሻው ትሉን ይይዝና መልሶ ለሰው ያስተላልፋል፤ የአረፋ ዕርድ ሲደርስ ይህን አስቡ።) በየቀኑ በርጩማው በአንድ ስንዝር ይጠጋል። ቡችላው ከንፈሩን ከላሰ፣ ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ደርቆ ከቀረ «በቃኝ» ማለቱ ስለሆነ ርቀቱ ይጨመርለታል። ቢያጉረመርምም አይቀጣም፤ ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን በዱላ ያጣ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይናከሳል።

አንድ ነገር ግን አልገባንም ነበር። ቡችላው እስከ ልጁ ጉልበት ድረስ መጠጋት ከጀመረ በኋላም ልጁ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ባለ ቁጥር እየጮኸ ወደ ሣጥኑ ይሮጣል። አንድ ቀን ይህን አንስተን ስንነጋገር ልጃችን አንገቱን ደፋ። ቆይቶም፣ «ድንጋይ የሚያነሣ ስለሚመስለው ነው» አለ። «ያን ቀን እኔም ከልጆቹ ጋር ወርውሬያለሁ። የእኔው ድንጋይ ነው እግሩን የመታው።» ከዚያም አለቀሰ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ያን ፍርሃት ያስተማርነው እኛው የሰው ልጆች ነን። ልጁን አልተቆጣነውም። ቢቆጡኝስ ብሎ ሳይሸሽ እውነቱን ይዞልን መጥቷልና። «እንግዲህ ያስተማርከውን አንተው አስረሳው» ብቻ አልነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጎንበስ የትምህርቱ ክፍል ሆነ። መጀመሪያ ከሩቅ ሆኖ ጥቂት ዝቅ ይልና ቁራሽ ሳንባ ይወረውራል፤ ቀስ በቀስ እየቀረበ፣ ቀስ በቀስ ይበልጥ እየጎነበሰ። የጎነበሰ ሰው እጅ ድንጋይ ሳይሆን ምግብ ይዞ መነሣት ጀመረ።

ቡችላው በገዛ እግሩ መጥቶ እጁን ያሸተተው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ልጃችን እንደተነገረው ከራሱ በላይ እጁን አልዘረጋም፤ ከአገጩ ሥር ጥቂት አከክ አከክ አድርጎት እጁን መለሰ። ቡችላው ቀረብ ብሎ ድገመኝ ሲል ደገመለት። ከዚያም እንደ ዘወትሩ እጁን ታጥቦ፣ ለዚሁ የለየነውን ልብስ ቀይሮ ለሰላት ተዘጋጀ። ስለ ውሻ ምራቅና ስለ ዕቃ አስተጣጠብ በየመዝሀቡ ያለውን ዝርዝር ከኡስታዞቻችሁ ጠይቃችሁ ተረዱ።

ሐጂም አንድ ቀን መጡ። ቡችላው ከዘራቸውን አይቶ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጊዜ ቆም ብለው አዩትና ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ገብተው ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። አሁን ሁልጊዜ ሲመጡ ከዘራቸው በር ላይ ይቀራል።

ዛሬ ቡላ ስምንት ወሩ ነው፤ ሌሊት በሩን ይጠብቃል። ሰው ጎንበስ ሲል አሁንም ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ግን አይሮጥም። ልጃችንም በበኩሉ ያጠፋውን ነገር ሳንጠይቀው ራሱ መጥቶ የሚነግረን ጊዜ በዝቷል። ለዚህ ምንም የተለየ ዘዴ አልተጠቀምንም፤ እንዳንከበውና እንዳንጮኽበት ብቻ ተጠንቅቀናል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አላህ ቤታችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።