ሥጋ ተውን፤ በቦታው ግን ምን ገባ?

 

ታካሚዎቼን ስለ አመጋገባቸው ስጠይቅ ቶሎ የሚመጣልኝ መልስ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ጿሚ ነኝ፤ ሥጋና ቅቤ አልነካም» የሚል ነው። ይህን የሚሉኝ ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ግፊታቸው በመድኃኒትም አልወርድ ያለ ሰዎች ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ ሥጋ አይበሉም። እኔ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ፦ በሥጋው ቦታ ምን ገባ?

መልሱ ሲዘረዘር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመጣል። ጠዋት ዳቦ በማርማላታ፣ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ጋር። ምሳ ፓስታ በስጎ፣ ከለስላሳ ጋር። መክሰስ ላይ ሁለት ሳምቡሳ ወይም አንድ እርጥብ። ማታ ዘይት ያቀረረበት ፍርፍር።

ይሄ ሁሉ የጾም ምግብ ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ የሚባል ነገር የለበትም። ተደምሮ ሲታይ ግን ፊኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ነው። ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው፦ አንድ ምግብ የጾም ስለሆነ ብቻ ጤናማ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሰውነታችን የሚቆጥረው የተውነውን ብቻ አይደለም፤ የተካንበትንም ይቆጥራል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። አንድ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ይጾማል። የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው! ጾም ባትጾሙም የከተማ ሰው ሥጋ የሚበላው አልፎ አልፎ ነው፤ ዋጋው ይታወቃል። ስለዚህ የአብዛኞቻችንን ጤና የሚወስነው በዓል ላይ የምንበላው ዶሮ ወጥ ሳይሆን የአዘቦት ቀን ምግባችን ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ200 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ያገኙትን አሳትመው ነበር። ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አብዝተው የሚበሉት ሰዎች በልብ የደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ትንሽ ከሚበሉት በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ነጭ ዱቄት፣ የድንች ጥብስ፣ ጣፋጭና ለስላሳ የሚያበዙት ግን አመጋገባቸው ከዕፅዋት ቢሆንም ዕድላቸው በሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት ተያያዥነትን እንጂ ምክንያትን ብቻውን አያረጋግጥም። ቢሆንም በየቀኑ ክሊኒክ ውስጥ ከማየው ጋር ይገጥማል።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ጥሩውን ምግብ ከውጭ ማምጣት አያስፈልገንም፤ እናቶቻችን ሲሠሩት ኖረዋል። በያይነቱን አስቡት። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር፣ ሰላጣ፣ ከሥሩ የጤፍ እንጀራ። ምስርና ሽሮ ፕሮቲን አላቸው፤ የእህሉ ፕሮቲን የሚጎድለውን የጥራጥሬው ይሞላለታል። ስለዚህ «ሥጋ ካልበላሁ ፕሮቲን ከየት አገኛለሁ?» ለሚል ሰው እንጀራ በሽሮ በቂ መልስ ነው። ጥራጥሬ አሰር ወይም ፋይበር ስላለው ስኳርን ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚለቀው። በላዩ ላይ ሱፍ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ አዚፋ፣ ስልጆ አለን። ጠዋት ቂንጬና በሶ አለን። መክሰስ ላይ ቆሎና ንፍሮ አለን። ከተማ ስንገባ ግን ንፍሮ የድሃ ምግብ፣ ብስኩት የዘመናዊ ሰው ምግብ ሆነብን። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ካልከፈትን ያከበርነው አይመስለንም።

እስቲ ገበታውን ያበላሹትን አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ዘይት። ወጡ ላይ ካልተንሳፈፈ ወጥ አይመስለንም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ለአንድ ድስት ስንት ጭልፋ እንደምናስገባ እናንተ ታውቃላችሁ። ዓይነቱም ይለያያል። ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው የፓልም ዘይት ከስቡ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምረው ዓይነት ነው። ስለዚህ ቅቤውን ትተን ፓልም ስናበዛ፣ ለልባችን የቀየርንለት ነገር ያሰብነውን ያህል አይደለም። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይሻላል፣ እሱም በልኩ። ደጋግሞ የተጠበሰበትን ጥቁር ዘይትማ ተዉት።

2. ስኳር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። 25 ግራም ማለት 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በቀን ሦስት ሻይ፣ በያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ብትጠጡ 9 ማንኪያ ሆነ፤ አለፈ። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል። አቮካዶ ጁስም ሽሮፕና ስኳር ከገባበት ስሙ እንጂ ነገሩ ከለስላሳ ብዙ አይርቅም። አቮካዶውን በማንኪያ ብሉት።

3. ጨው። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው። የሽሮ ዱቄቱና በርበሬው ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶባቸዋል፤ ወጡ ላይ ስንጨምር ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ሳትቀምሱ አትጨምሩ።

4. የእንጀራው መጠን። «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚሉኝ የስኳር ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ ከፊኖ ዱቄት በብዙ ይሻላል፤ ስታርች ግን አለው። ሁለት እንጀራ በትንሽ ወጥ ከበላችሁ ስኳራችሁ ይጨምራል። ገልብጡት፦ እንጀራውን ቀንሱ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨምሩ።

«ዶክተር፣ ለመናገር ቀላል ነው፤ ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዳቦና ፓስታ የበዛው ሰው ስለሰነፈ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። ለዚህም ነው ምክሬ ጤፍ ላይ የማይንጠለጠለው። ማሽላ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው። ባቄላና ሽምብራ በንፍሮ ሆድ ይይዛል። ጎመን አሁንም ከገበያው ርካሽ አትክልቶች አንዱ ነው። ለስላሳውን የተወ ሰው ደግሞ በዚያው ብር ሙዝ ይገዛል።

ከዕፅዋት ብቻ የሚመገብ ሰው ሁለት ነገሮች ላይ ዓይኑን ይጣል። የመጀመሪያው አይረን ነው። በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ሲጨመርበት ይሻሻላል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ይከለክሉታል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ያለችውን ቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩአት። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል አታቋርጡ።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ከዕፅዋት አይገኝም። በፍስክ ቀናት እንቁላል፣ ወተት ወይም ሥጋ የሚያገኝ ሰው ብዙ አያሳስበውም። ዓመቱን ሙሉ የተዉ ሰዎች፣ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ የስኳር ታካሚዎች ግን እጥረት ሊገጥማቸው ይችላል። እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ ምላስ መቁሰል፣ መርሳት ካለ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ተመርመሩ፤ ሕክምና አለው። ከቆየ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ሰዎች፣ ሰዓት ጠብቃችሁ እየጾማችሁ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ብትወስዱ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሥርዓት አላት፤ ራሳችሁን በዝምታ አትጉዱ።

ከነገ ጀምሮ ሁሉን ለውጡ አልልም። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፦ ከሻዩ አንድ ማንኪያ ስኳር መቀነስ፣ ሳምቡሳውን በቆሎ መተካት፣ ወይም ለወጡ የሚገባውን ዘይት በማንኪያ መለካት። ሲለመድ ሁለተኛውን ጨምሩ። ቤት ውስጥ ድስቱን የሚይዘው ሌላ ሰው ከሆነ፣ እናት፣ እህት ወይም ሠራተኛ፣ ይህን ጽሑፍ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት፤ ቀጥሎም ሽንኩርቱን እየከተፋችሁ አግዟት።

መልካም ጤና!