ከመርፌው በፊት ቃሉ ይድረስ

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች የጻፍሁትን አሳብ ለሕዝብ ይጠቅማል ብለው ያመኑበት እንደ ሆነ፤ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአንዲት የወረዳ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ። የምጽፈውም ስለ ማኅፀን በር ካንሰርና ይህን በሽታ ለመከላከል ለሴቶች ልጆች ስለሚሰጠው ክትባት ነው። ሐኪም ስላልሆንሁ የሐኪምን ሥራ ልሥራ አልልም። ነገር ግን ክትባቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በየትምህርት ቤቱ ስለ ሆነ፤ ነገሩ እኛን መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል። ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝም የሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን የራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን፤ ነገ ክትባት ሰጪዎች ይመጣሉ የሚል ቃል ደረሰን። እኔም በኀላፊነት በያዝሁት ዘጠነኛ ክፍል ያሉት ዐሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ሴቶች ልጆች በማግሥቱ እንዳይቀሩ አስጠነቀቅሁ። ከመካከላቸው አንዲት ጐበዝ ተማሪ እጅዋን አውጥታ፤ «ቲቸር፤ ይህ መርፌ መካን ያደርጋል የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንዶቹ ሣቁ። እኔም ስለ ማኅፀን በተማሪዎች ፊት መናገር አሳፈረኝ፤ ደግሞም የማላውቀውን ተናግሬ እንዳልሳሳት ፈራሁ። «ነገ የሚመጡትን ነርሶች ጠይቂያቸው» አልሁና ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስሁ።

በማግሥቱ ስምንት ልጆች ቀሩ፤ ጠያቂዋም ከነሱ አንዷ ነበረች። በኋላ እናቷን አግኝቼ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፤ «መምህር፤ ልጂቱ ጠይቃዎት ዝም እንዳሉ ነገረችኝ። ዝም ያሉትም አንድ ነገር ቢያውቁ ነው ብዬ አስቀረኋት» አሉኝ። ዝም አይነቅዝም የሚለው የአባቶች ምሳሌ በብዙ ስፍራ እውነት ነው፤ በዚያን ቀን ግን የእኔ ዝምታ ነቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ ግዴታዬ ሆነ። የተረዳሁትም በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ከጥቂቱ በቀር ሁሉም የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፤ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ከሚባለው ቫይረስ ነው። ይህን ግንኙነት በምርምር የገለጡት ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሃውዘን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን፤ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ብዙዎቹን ሳይጐዳቸው ሰውነታቸው በራሱ ኀይል ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ተደብቆ ይቀርና፤ የማኅፀንን በር ቀስ በቀስ እየለወጠ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቈይቶ ካንሰር ይሆናል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ኖሮ መድኃኒት በማይወስዱ ሴቶች ላይ ይህ ጊዜ ወደ 5 ወይም 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ቫይረሱ ብዙ ዐይነት ቢኖረውም፤ ቍጥር 16 እና ቍጥር 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ከ100 ሕሙማን ለ70 ያህሉ መንሥኤ ናቸው። ክትባቱም እነዚህን ሁለቱን ይከላከላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ 350 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ከሞቱትም ከ100 ወደ 94 የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችን ደግሞ ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዐይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው፤ በ2020 በተደረገው ግምት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በአዲስ ሲያዙ ከ5 ሺህ በላይ ሞተዋል። በሽታው በሀብታም አገርም በድኻ አገርም አንድ ነው። የሚለያየው ክትባትና ምርመራ ማግኘት፤ በሽታውም የሚታወቅበት ጊዜ ነው።

ይህን በቤተሰቤ አይቻለሁ። አክስቴ ያልተለመደ ደም ባዩ ጊዜ የዕድሜ ነገር ነው ብለው ዝም አሉ፤ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ በመጣ ጊዜም ስላፈሩ ከማኅበራቸው ቀሩ። ለምን እንደ ቀሩም ለማንም አልተናገሩም። ሐኪም ዘንድ በደረሱ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወደ ክትባቱ ልመለስ። መንግሥታችን ይህን ክትባት በመላ አገሪቱ መስጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የክትባት እጥረት ስለ ነበረ የተሰጠው ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ መወጋት ያስፈልግ ነበር። በኋላ ግን በጐረቤታችን በኬንያ የተደረገው ጥናት ጭምር አንድ ጊዜ መከተብ ጥሩ መከላከያ መሆኑን ስላስረዳ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ይህንኑ ተቀበለ። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች በአንድ መርፌ ተሰጥቷል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከመጣ፤ ያውም ያለ ዋጋ ከተሰጠ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ለምን ይደብቃሉ? እኔ እንደ ሰማሁት ምክንያቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ነው። ክትባቱ የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የሚመስል ነገር ብቻ እንጂ ቫይረሱን ራሱን አልያዘም፤ ስለዚህ በሽታ ሊያስይዝ አይችልም። መካን እንደማያደርግም በብዙ አገሮች ለዓመታት በተደረገ ክትትል ታውቋል። ይልቁንም ማኅፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕይወት ለማዳን ሲባል ማኅፀን በቀዶ ጥገና ይወጣልና። ክንድ ማመም፤ ትንሽ ትኵሳት፤ አንዳንዴም መርፌ ፈርቶ ራስን መሳት ሊኖር ይችላል። አንዲት ልጅ ራስዋን ስታ ስትወድቅ ጓደኞቿ ቢያዩ ግን በማታው ወሬው ከተማውን ያዳርሳል። ስለዚህ ልጆቹን አስቀምጦ መውጋትና ከዚያም በኋላ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው እንዲቈዩ ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው፤ ፈረንጅ ለእኛ ብቻ የላከው ነገር ነው የሚል ጥርጣሬ ነው። መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ዘመኑን እንቍጠር። አውስትራልያ ለራስዋ ልጆች መስጠት የጀመረችው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ነው፤ ለእኛ ልጆች የደረሰው ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በስዊድን አገር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የሚሆኑ ልጃገረዶችና ሴቶች ታይተው በ2020 በወጣው ጥናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በዚህ ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ካልተከተቡት በ100 እጅ 88 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

ሦስተኛውና በግልጥ የማይነገረው፤ «ልጄ ጨዋ ናት፤ ይህ ለሌሎች ነው» የሚለው አሳብ ነው። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና ስለ ንጽሕና የሚሰጠውን ትምህርት አላቃልልም። ነገር ግን ጨዋይቱ ልጅ ነገ ታገባለች። ከባልዋ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴት ከባልዋ ቫይረሱን ልታገኘው ትችላለች፤ ባልም ሳያውቀው ሊይዘው ይችላል። ክትባቱ በልጅነት የሚሰጠው ልጂቱ ስለ ተጠረጠረች አይደለም፤ ቫይረሱ ሳይደርስባት ሲቀድም ይበልጥ ስለሚሠራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉታል አባቶቻችን። ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው በሚዳሩበት አካባቢ ደግሞ ጊዜው ይበልጥ አጭር ነው።

ወሬና ዝምታ የሚያደርሱትን ጉዳት ለማየት የሁለት አገሮችን ነገር ማነጻጸር ይበቃል። ጃፓን በሀብትም በሐኪምም የታወቀች አገር ናት። በ2013 ግን ክትባቱ ጐዳን የሚል ወሬ በጋዜጣና በቴሌቪዥን በበዛ ጊዜ መንግሥቱ ሕዝቡን ተከተቡ ማለቱን አቆመ። ቀድሞ ከ100 ልጆች ወደ 70 ያህሉ ይከተቡ የነበሩት ከአንድ በታች ወረዱ፤ ጉዳቱን ክትባቱ እንዳመጣው ስላልተረጋገጠ ምክሩ በ2022 እንደገና ቢጀመርም፤ በመካከሉ ብዙ ልጆች አለፋቸው። በአንጻሩ ርዋንዳ፤ ሀብትዋ ከእኛ የማይሻል የአፍሪካ አገር፤ በ2011 በመላ አገሯ ጀምራ በመጀመሪያው ዓመት ካሰበቻቸው ልጆች ከ100 ከ90 በላይ የሆኑትን አዳርሳለች። ርዋንዳ ይህን ልታደርግ የቻለችው ለሕዝቡ አስቀድሞ ስለ ተነገረውና ከትምህርት ቤት የቀሩትን ልጆች የመንደር የጤና ሠራተኞች ፈልገው ስላገኟቸው ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ክትባት ሰጪዎች ከመምጣታቸው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት የወላጆች ስብሰባ ይጠራ፤ በዚያም ነርስ ወይም ሐኪም ተገኝቶ የእናቶችንና የአባቶችን ጥያቄ ሳያፍር ይመልስ። ከስብሰባው በፊት ደግሞ መምህራን ራሳቸው እንዲማሩ ይደረግ፤ የማያውቅ መምህር እንደ እኔ ፊቱን ወደ ሰሌዳ ያዞራልና። ቀሳውስትና ሼሆች፤ የዕድር ዳኞችም ቃላቸው በሕዝብ ዘንድ የተሰማ ስለ ሆነ፤ ቀድመው ተረድተው እንዲያስረዱ ይለመኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ያሉትን ሴቶች ልጆች ሲመዘግቡ፤ ከትምህርት ቤት የቀሩትን፤ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትንና በማታ የሚማሩትን አይርሱ። በቀን ትምህርት ቤት ብቻ የሚሰጥ ክትባት እነዚህን አያገኛቸውም፤ ሲታመሙም ወደ ሐኪም ዘግይተው የሚመጡት እነዚሁ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። እናት ልጅዋን ስታስከትብ ስለ ራስዋም ትስማ። ክትባቱ ለልጅ ሲሆን ለእናት ምርመራ አለ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች በጥቂት ደቂቃ ሊመረመሩ ይችላሉ፤ የማኅፀኑ በር አሴቲክ አሲድ በሚባለው፤ ኮምጣጤን በመሰለ ፈሳሽ ተቀብቶ ይታያል፤ የተለወጠ ሥጋ ቢገኝ ካንሰር ሳይሆን በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ ይታከማል። የተከተቡትም ልጆች ሲያድጉ ምርመራው አይቀርባቸውም፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረስ ዐይነት አይከላከልምና። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ለመንግሥታት ሁሉ ያቀረበው ዕቅድም ይኸው ነው፤ እስከ 2030 ድረስ ከ100 ልጆች 90 ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፤ ከ100 ሴቶች 70 እንዲመረመሩ፤ በሽታው ከተገኘባቸውም ከ100 90 እንዲታከሙ ነው።

አያቴ በፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበራቸው። በልጅነቴ ጣቴን በጠባሳው ላይ እያሳለፍሁ ምን እንደ ሆነ እጠይቃቸው ነበር። በአገራችን የፈንጣጣ በሽተኛ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ነው፤ እኔ ከማስተምራቸው ልጆች በአንዱም ፊት ላይ ያ ጠባሳ የለም። ያን በሽታ ያጠፋው ክትባት ነው። ክትባቱም ለሁሉ የደረሰው በየገጠሩ በእግር እየዞሩ ሕዝቡን በሚያስረዱና በሚከትቡ ሰዎች ድካም ነው።

በ2017ቱ ዘመቻ ጊዜ በክፍሌ የዚያን ዐይነት ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ወንዶቹም እንደገና ሣቁ። በዚህ ጊዜ ግን ጠመኔዬን አስቀምጬ፤ የሚሥቁትን እናታችሁም እኅታችሁም ማኅፀን አላቸው ብዬ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኋቸው። ያቺ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ግን ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ስላለፈ በዚያ ዘመቻ ውስጥ አልገባችም። ለእርስዋ የሚቀርላት ሲደርስ መመርመር ነው፤ ይህንንም ፈልጌ አግኝቼ ነግሬያታለሁ። በዚያን ቀን መልስ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ታገኝ ነበር። ባልንጀሮቼ መምህራን ይህን ጸጸት እንዳያዩት፤ ሲጠየቁ ለመመለስ ዛሬ ይዘጋጁ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር