ቀኝ ዓምዱ የማን ነው?

በየቴሌግራም ቻናሉ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ መናኸሪያ ላይ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር በሚዞረው ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ያው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ግራው እንግሊዝኛ፣ ቀኙ አማርኛ። ‹ዋተር› ውኃ፣ ‹ሃውስ› ቤት፣ ‹ብሬክ› ሰበረ። አናቱ ላይ በትልቁ «የዕለት ተዕለት የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው» ተብሎ ተጽፎበታል። በቀን ዐሥር ቃል ብትሸመድድ በዓመቱ 3,650 ቃል አለህ ይሉሃል። ማባዛቱ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው፣ ዓመቱ አልቆ ልጁ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ሲያቅተው «ሰነፍ ስለሆነ ነው» መባሉ ነው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የማይሠራው የተሰጠው ዕቃ ነው። ጫግኒ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይበልጥ አይሠራም። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ ዕቃውን ራሱን እንፈትሸው።

‹ዌር› ለበሰ ይላል ሠንጠረዡ። እንግሊዞች ልብሱንም፣ ጫማውንም፣ ሰዓቱንም፣ መነጽሩንም፣ ቀለበቱንም በዚያችው በአንዲት ቃል ይጨርሱታል። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ መነጽር እናደርጋለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፣ ጋቢ እንደርባለን። ‹ብሬክ› ሰበረ ይላል። እኛ ብርጭቆ እንሰብራለን፤ ገመድ ግን እንበጥሳለን፣ ቃላችንን እናጥፋለን፣ መቶ ብር እንዘረዝራለን፣ ጾም እንፈታለን። እንግሊዝኛው እነዚህን ሁሉ በ‹ብሬክ› ይላቸዋል። እንግዲህ «ጾሜን ፈታሁ» ማለት የፈለገ ልጅ ቀኝ ዓምድ ላይ «ፈታ»ን ፈልጎ ቢያገኝ፣ ግራው የሚሰጠው የገመድ መፍታትን ነው። ጾሙን እንደ በሬ ቀንበር ፈትቶት ያርፋል። ሰው ይስቅበታል። ሠንጠረዡን ለሠራው ሰው ግን የሚስቅበት የለም።

የሚያናድደው ደግሞ እዚያው አጠገብ ያለው ሀብት መባከኑ ነው። ‹ብሬክፋስት› ቁርስ ተብሎ ይታለፋል። እንግሊዝኛውን ለሁለት ብትከፍሉት ‹ብሬክ› እና ‹ፋስት› ነው፤ ሌሊቱን የጾሙትን መፍታት ማለት ነው። የእኛው ቁርስ ደግሞ ከቆረሰ የመጣ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ጠዋቱን የሚጀምሩት አንድ ነገር ቆርሰው ወይም ሰብረው ነው። ይህንን አንዴ የሰማ ልጅ ቃሉን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ሠንጠረዡ ግን ለዚህ ቦታ የለውም፤ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው።

ሰዋስውማ ጭራሽ የለበትም። «ነገርኩት» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ሦስት ቃል ይፈልጋል፣ ለነጋሪው፣ ለመንገሩ፣ ለተነገረው። «ራበኝ» ስንል ረኃቡ ነው አድራጊው፣ እኛ ተደራጊዎች ነን፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ራሱ ነው ‹ሃንግሪ› የሚሆነው። ግሱን እኛ መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፣ እነሱ መካከል ላይ። ይህ ሁሉ ቃል በቃል በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። 3,650 ጡብ ከምሮ ቤት ሠራሁ የሚል ሰው አለ እንዴ?

«ሌላው ዓለም እንዲህ አይደለም ወይ የሚማረው?» ትሉኝ ይሆናል። ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ሩማኒያዊ ልጅም ባለ ሁለት ዓምድ ዝርዝር ይይዛል። እሱ ግን ዕድለኛ ነው። ሩማንኛ የላቲን ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛም በፈረንሳይኛ በኩልና በቀጥታ ከላቲን በገፍ የተበደረ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ግራው ‹አኒማል› ሲል ቀኙም ‹አኒማል› ይላል፣ ግራው ‹ሚኒት› ሲል ቀኙ ‹ሚኑት›፣ ‹ዶክተር› ሲል ‹ዶክቶር›። ልጁ ገጹን ሳይገልጥ ግማሹን ያውቀዋል። የእኛ ተመሳሳይ ግዕዝ ነው፤ ሰማይ ሰማይ ነው፣ ቤት ቤት ነው፣ ንጉሥ ንጉሥ ነው። ግዕዝን በአማርኛ ሠንጠረዥ መጀመር ያስኬዳል። ለዘመዳሞች የተሰፋን ልብስ ዝምድና ለሌላቸው ማልበስ ግን ይጠብባል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ስሙ ራሱ ‹ኮንቴክስት› የሚል ነው። ቃሉን ብቻውን አያቆመውም፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ከትቶ፣ እዚህ ቦታ ሲሆን እንዲህ፣ እዚያ ሲሆን እንዲያ ይባላል ይላል። መንገዱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተጠርጓል። እኛ ስማርት ፎን ይዘን ወደ ኋላ ሄደን ባለ ሁለት ዓምዱን እንገለብጣለን፤ ምክንያቱም ለመገልበጥም ለመሸጥም ይቀላል።

አሁን ወደ ጫግኒ እንሂድ። ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ፣ ከዚያም ወደ ሕዳሴ ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የአዊ ዞን ከተማ ናት። ከተማው ውስጥ አማርኛ ይነገራል። ዙሪያው ባሉት የጓንጓ ቀበሌዎች አውንጊ ይነገራል፤ ብዙዎቻችሁ አገውኛ የምትሉት ነው። ወደ መተከል ዝቅ ሲባል ጉሙዝኛ አለ። በአንድ የገበያ ቀን ሦስቱንም የሚሰማ ጆሮ ያለው ልጅ የሚያድግባት ከተማ ናት።

ለዚህ ልጅ ሠንጠረዡን ስጡት። ግራው የማያውቀው ቋንቋ ነው። ቀኙ ደግሞ፣ ቤቱ አውንጊ ከሆነ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ የሚማረው ቋንቋ ነው። «ትርጉም» የተባለው ራሱ ሌላ የቤት ሥራ ሆነበት ማለት ነው። የማያውቀውን በግማሽ በሚያውቀው እየፈታ፣ በእናቱ አፍ የሚያውቀውን ደግሞ ደጅ አስቀምጦ እንዲገባ ነው የሚጠየቀው። ለመሆኑ ቀኝ ዓምዱ የማን ነው? ሁሉም ኢትዮጵያዊ ልጅ ቤቱ አማርኛ ነው ብሎ የደመደመው ማን ነው?

ሕጉ እንዲህ አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና ይኖራቸዋል ይላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በአዊ ዞን አውንጊ በመጀመሪያ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። እንግዲህ አስቡት፦ ልጁ በአውንጊ ፊደል ይቆጥራል፣ እንግሊዝኛውን ሲማር ግን መሸጋገሪያው አማርኛ ነው። ሁለት ወንዝ ለመሻገር አንድ ድልድይ ተሰጠው፤ እሱም የሁለተኛው ወንዝ ነው።

ትርጉም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። በቃላት አጠናን ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ኒውዚላንዳዊው ፖል ኔሽን፣ አዲስ ቃል ለመያዝ መጀመሪያ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትርጉም ጥሩ አቋራጭ ነው ይላል። በጣም ጥሩ! ልብ በሉ ግን፣ የአፍ መፍቻ ነው ያለው። የጎረቤት ቋንቋ አላለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናትም፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች 8ኛ ክፍል ላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። የሠንጠረዡ ጠበቆች የሚጠቅሱት ሳይንስ በእነሱው ላይ ነው የሚመሰክረው።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛው ‹ሲንግ› ሲል መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ ‹ን› እና ‹ግ› አይደለም፤ በአፍንጫ በኩል የሚወጣ አንድ ድምፅ ነው። አማርኛ ይህን ራሱን የቻለ ድምፅ አድርጎ ስለማይዘው ‹ግ› ጨምረን እንጨርሰዋለን። አውንጊ ግን አለው፤ ከመደበኛ ድምፆቹ አንዱ ነው። የጓንጓው ልጅ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በመከራ የሚለማመደውን ድምፅ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ይህን የነገረው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ሠንጠረዡ የሚነግረው የጎደለውን ብቻ ነው።

ይህ የምሁራን ጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለ፣ የመምህር ችግር አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ። ነገር ግን የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን በአፍ መፍቻው ቢያውቀው ምን ይጠቅመዋል? በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለብዙ ልጅ የቀረው መምህር ስልክ ላይ ያለው ያ ዝርዝር ነው። ሌላ መምህር የሌለው ልጅ ደግሞ መምህሩ ሲሳሳት የሚያርመው የለም።

«የዕለት ተዕለት» የሚለውንም እንየው። የማን ዕለት? ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዝርዝር ወደ 2,000 ቃላት ነው፤ የመረጣቸውም በብዛት ስለሚነገሩና ስለሚጠቅሙ ነው። የእኛ ቻናሎች ግን «ከባድ ቃል» ይወዳሉ። ማንም የማይለውን ቃል ፖስት አድርጎ «ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?» ማለት ላይክ ያስገኛል። በረዶና የምድር ባቡር ሞልቷል፤ ዳጉሳ፣ ጭቃ፣ ባጃጅ፣ ቀንበር ግን የለም። የጫግኒ ልጅ ዛሬ ያየውን በእንግሊዝኛ መናገር ካልቻለ የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ተምሯል ማለት ቀልድ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንደኛው «ሦስት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል» የሚል ነው። ልጁ ገበያ ላይ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ሲከራከር ማን ተደናግሮ አየ? የሚደናገረው ከያዛቸው ቋንቋዎች ዋናውን ስትቀሙት ነው። ሁለተኛው «ይሄማ የብሔር ፖለቲካ ነው» የሚል ነው። አማርኛው ይውጣ ያለ የለም። ይህን ክርክር ራሱን በአማርኛ ነው የማቀርበው። አማርኛው ባለበት ይቆይ፤ አውንጊ ይጨመርበት፣ ጉሙዝኛም ይጨመርበት። የጫግኒ ከተማ አማርኛ ተናጋሪ ልጅም አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ውኃን ምን እንደሚለው በዚያው ይማራል። ማን ከሰረ?

ስለዚህ ቻናል ያላችሁ፣ ጫግኒም ዳንግላም እንጅባራም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ሞክሩ። የሚቀጥለውን ዐሥር ቃል አትለጥፉ። አንድ ቃል ምረጡ፣ ለምሳሌ ‹ብሬክ›ን። አራት ዐረፍተ ነገር ሥሩበት፤ ብርጭቆው፣ ገመዱ፣ መቶ ብሩ፣ ጾሙ። ከሥሩ አማርኛውን ጻፉ። ከዚያ አውንጊ የምትናገር እህት ፈልጉና እያንዳንዱን እሷ እንደምትለው በድምፅ ቅዱት። ቃል በቃል አትጠይቋት፤ «ይሄን በእናንተ ቤት እንዴት ይሉታል?» በሏት። እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቋንቋ ተማሪዎቹ እንዲህ ያለውን በአንድ ሴሚስተር መቶ ያደርሱታል።

መቶ ቃል ብቻ ነው፣ ሲያዩት ትንሽ ነው። ግን መቶ ቃል በትክክል የሚያውቅ ልጅ ይናገራል፤ 3,650 የሸመደደው ደግሞ እንዳይሳቅበት አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። አፉን የዘጋነው እኛ ነን፤ የምንከፍተውም እኛው መሆን አለብን።