ጽዋው የማይደርሳቸው

ስለ አእምሮ ጤና በጋዜጣና በራዲዮ የሚሰጠው ምክር በዚህ ዘመን እጅግ በዝቷል፤ በእግር ሂዱ፣ ያልተጣራ እህል ብሉ፣ በጊዜ ተኙ፣ ከሰው ጋር ተጨዋወቱ እየተባለ ለከተማ ሰው እንደ አዲስ ግኝት የሚነገረው ሁሉ ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ለሚኖር ገበሬ ቢነበብለት፣ ሰውዬው «ታዲያ እኛ ሌላ ምን ስናደርግ ኖረናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የየዋህ ጥያቄ አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ገበሬው በአብዛኛው እውነት አለው፤ ነገር ግን ከያዘው ሥርዓት ውስጥ ዋነኛውን፣ ይኸውም ማኅበሩን፣ አጥብቆ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ይነፍጋቸዋል፤ ብዕሬን ያነሣሁትም ስለዚህ ነው።

መሐል ሜዳና በዙሪያዋ ያለው አምባ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ብርዱ ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲውል አይፈቅድም፤ የጀማንና የወንጪትን ቆላ ወርዶና ወጥቶ ዓለም ከተማ ገበያ የሚደርሰው የመርሐ ቤቴ ሰውም ሐኪም ሳያዝዘው ልቡንና ሳንባውን ሲያሠራ ይውላል። ገበታው ላይ የሚቀርበው ገብስ፣ ቆሎም ሆነ በሶ፣ ዳቦም ሆነ ቂንጬ፣ ቤታ ግሉካን የሚሉት አሰር ስላለበት በደም ውስጥ የሚገኘውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ የበዛ ኮሌስትሮል ደግሞ ልብን ጎድቶ እንደማያበቃ፣ በእርጅና ዘመን ልቡናንም እንደሚያጨልም ሊቃውንቱ ከደረሱበት ቆይተዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ መተኛት፣ ዶሮ ሲጮህ መነሣት፣ ዳዊቱን በቃል መድገም፣ ለባናና ለበርኖስ የሚሆነውን የበግ ጠጉር ከጎረቤት ጋር እያወጉ በእንዝርት መፍተል፣ ይህ ሁሉ የመንዝ ሰው የዕለት ኑሮ ነው።

ይሁን እንጂ የአገር ቤት ኑሮ ሁሉ ቡሩክ ነው ብሎ መስበክ ከአገር ቤት ርቆ ለሚኖር ሰው ይቀልለዋል። ድኻው በእግሩ የሚሄደው መኪና ስላጣ ነው፤ ሥጋ የማያበዛውም ጾሙ ብቻ ከልክሎት አይደለም። ተፈጥሯዊ የሚለውን ስም እየለጠፉ ቅጠልና ዱቄት በጠርሙስ የሚሸጡት ነጋዴዎች ይህን አይናገሩም። ዛፍ የራቀበት ደገኛ ኩበት ያነዳል፤ የድንጋይ ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ መስኮት የሌለው ወይም መስኮቱ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ እናቲቱንና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ሲያፍን ያመሻል፤ የተበከለ አየር ሳንባን ብቻ ሳይሆን አንጎልንም እንደሚጎዳ ዛሬ ታውቋል። በጥቁር አፈር በሚዘራው ጓያ ደግሞ በድርቅ ዓመት፣ ሌላው እህል ሲጠፋ፣ ለወራት እርሱን ብቻ የተመገበ ሰው ነርቩ ተመርዞ እግሩ ተሳስሮ ይቀራል፤ ከዚያም በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። አንዳንዱ ሰው የሚይዘው እንፋሎቱ ነው ይላል፤ የሚይዘው ግን ብዛቱና ብቻውን መበላቱ ነው።

ስለ ጨው ትንሽ መቆየት ይገባኛል። ዝናብ ከጥንት ዘመን ጀምሮ የተራራውን አፈር እያጠበ አዮዲኑን ስለ ወሰደው፣ ደጋው የሚያበቅለው እህልም ሆነ ጎመን ይህ ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ እንቅርት የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። እንቅርቱ ግን ለዓይን የሚታየው ክፉ ብቻ ነው፤ ያልታየው ይብሳል፤ በማኅፀን ሳለ አዮዲን ያጣ ሕፃን አእምሮው በሚገባው መጠን ሳያድግ ይወለዳልና። ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ተደንግጓል፤ ሆኖም ደንቡ ወጥ ቤት አይገባም። ጨውን በክፍት ዕቃ ከምድጃ አጠገብ ማኖርና ወጡ ገና ሲጣድ መጨመር አዮዲኑን ያባክነዋል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ጣል ማድረግ ግን ሳንቲም የማያስወጣ ጥበቃ ነው። ስለ ልጆች ትምህርት የምንጨነቅ ሰዎች ከደብተሩ በፊት ይህን ብናስብ አይከፋም።

ዕረፍትን በተመለከተ ሰሜን ሸዋ የሚኮራበት ታሪክ አለው። ቀዳሚት ሰንበትን ስለ ማክበር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክርክሩ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1450 ግድም በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ አስወሰኑ። ሊቃውንቱ የተከራከሩት ስለ ሃይማኖት እንጂ ስለ ነርቭ ዕረፍት አልነበረም፤ ፍሬው ግን ለነርቭም ተርፏል። በሬው ከቀንበር፣ ገበሬው ከሞፈር የሚለይበት ቀን በሳምንት ሁለት ሆኖ፣ በየወሩ የሚውሉት በዓላትም ተጨምረው ሲቆጠሩ፣ ዘመናዊው ሰው «በዓል አስነፋቸው» ብሎ መውቀሱ አልቀረም። ወቀሳውን በግማሽ እቀበላለሁ፤ በአዝመራ ጊዜ አጨዳ ትቶ መቀመጥ ዋጋ አለው። ግማሹን የማልቀበለው ግን፣ ወቃሹ ራሱ ሌሊቱን በስልክ ብርሃን ሲያፈጥጥ አድሮ ጠዋት ራሱን ይዞ የሚውል መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከቅዳሴ በኋላ የሚሆነው ነው። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲያበቃ ተራው የደረሰው ሰው ዳቦውንና ጠላውን ወደ ሰንበቴው ቤት ያስገባል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ የማኅበሩ ሙሴ ሰውን በዓይኑ እየቃኘ የጎደለውን ይቆጥራል። «አያን ምነው ዛሬ አላየኋቸው?» ይላል። «ወገባቸውን ይዟቸው ነው» ይላል አንዱ። «እንግዲያው ስንወጣ ጎራ እንበል፤ ዳቦውም ይቀመጥላቸው» ይላል ሙሴው፤ ነገሩም በዚህ ያልፋል። ይህች አጭር ንግግር በየሳምንቱ ሳትቋረጥ ስትደገም፣ ሰው ብቻውን ታምሞ፣ ብቻውን ተክዞ፣ ብቻውን እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ዘብ ትሆናለች፤ የከተማ ጤና ቢሮ ይህን ያህል ጠያቂ በየሳምንቱ በየቤቱ ላሰማራ ቢል ደመወዙን ከየት ያመጣዋል?

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደርሶ መዘዞና ሞላሌ ሳይቀሩ በተያዙ ጊዜ፣ የሞተው ሞቶ የቀረው ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ ኀዘንተኛውን ከመሬት ያነሣው ይኸው ሥርዓት ነበር፤ ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ ንፍሮውንና ውኃውን አቅርቦ ከኀዘንተኛው ጋር ባይቀመጥ፣ እናት በልጇ ፎቶግራፍ ፊት ብቻዋን ብትቀር፣ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። ትካዜ በጊዜው በሰው መካከል ካልተነገረ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሚበላ አበው ያውቁታል።

ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በእርጅና ጊዜ ለሚመጣው የአእምሮ መዘንጋት ምክንያት ከሚሆኑት ውስጥ ሊከለከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከመቶ 45 ያህሉ ሕመም ሊቀር ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ገልጿል፤ የደም ግፊትና ስኳር፣ ትምባሆና መጠጥ፣ የአየር መበከልና የትምህርት ማነስ በዚያ ውስጥ አሉ። ከነዚያ መካከል ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ ዐሳቤ ወደ ሰንበቴው ቤት ሄደ፤ የጆሮ መድከምና ከሰው መለየት። በበሩ አጠገብ የምትቀመጥ አሮጊት ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲነሡ ትነሣለች፤ ከተነገረው ግን አንዲት ቃል አልሰማችም። ሰው ሁሉ ያከብራታል፤ የሚያነጋግራት ግን የለም፤ ቀስ በቀስም ቤቷ መዋል ትመርጣለች። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ «እማሆይ፣ ወደዚህ ይጠጉ» ብሎ ከካህኑ ቀኝ ማስቀመጥና ፊት ለፊት እያዩ ቀስ ብሎ መናገር ማንን ያቅተዋል?

ከአሮጊቷ ይልቅ ማኅበሩ የሚረሳው ግን አእምሮው የታወከበትን ሰው ነው። ሰውዬው ከመታመሙ በፊት ማኅበርተኛ ነበረ፤ ጽዋ ተቀብሎ ደግሷል፤ ሲታመም ግን በመጀመሪያ ሰው ይፈራዋል፣ ቀጥሎ ቤተ ሰቡ ያፍርበታል፣ በመጨረሻም አንዳንድ ጊዜ በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ከጓዳ ይውላል። ወደ ጠበል ይወስዱታል፤ በሞጃና ወደራ ያለችው ጻድቃኔ ማርያም እንዲህ ያሉ ሕሙማን ከሩቅ አገር የሚመጡባት ደብር ናት። ጠበሉን የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ጥሎ መጠመቅን የሚያዝዘውን አጥማቂ አልደግፍም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ለምእመናን የተናገሩት ቃል፣ ለአእምሮ ሕሙማን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ጽኑ የአእምሮ ሕመም በገብስ ዳቦና በእግር መንገድ አይድንም፤ በጊዜ መተኛትና ከአረቄ መራቅ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይረዳሉ እንጂ የሐኪሙን ቦታ አይተኩም።

የሐኪሙም መድኃኒት ብቻውን ሰውዬውን ወደ ሰው አይመልሰውም። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በኖረው በአዲስ አበባው አማኑኤል የታከመ ሰው ተሽሎት ወደ ቀዬው ሲመለስ የሚጠብቀው የጎረቤት ጥቅሻ ነው። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ የተደረገውና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለዚህ መፍትሔ አመልክቷል፤ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ሕመም ላለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ከሚሰጠው ሕክምና በላይ፣ ከዚያው ከመንደሩ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ለ12 ወራት በየቤታቸው እየሄዱ እንዲጎበኟቸው፣ ቤተ ሰቡን እንዲያስተምሩና ሕሙማኑን ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲያግባቡ ተደረገ፤ በዓመቱም መጨረሻ እነዚህ ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ዕለታዊ ኑሯቸውን ለመምራት ተሻሉ። ሶዶ ላይ ሰው አሠልጥኖ የተደረገው ነገር በመንዝ ግማሹ ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ የሚጎድለው በሩን መክፈት ነው።

ስለዚህ የየአጥቢያው ካህናትና የማኅበር ሙሴዎች የማኅበራቸውን ደንብ እንደ ገና እንዲያዩት አሳስባለሁ። ማኅበርተኛ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከቀረ ስሙ እንዳይፋቅ፣ ተራው ሲደርስ ቤተ ሰቡ ወይም ጎረቤቱ ድግሱን እንዲያግዘው፣ ከሆስፒታል ሲመለስም የንስሐ አባቱ ከቤቱ ድረስ ሄደው እጁን ይዘው ወደ ሰንበቴው እንዲያመጡት በደንቡ ይጻፍ። የሚወስደው መድኃኒት ከጠላ ጋር ስለማይስማማ ለእርሱ ብርዝ ወይም ውኃ ይቀዳለት፤ ለምን ጠላ አልጠጣህም ብሎ የሚጠይቀው ሰውም እንዳይኖር ሙሴው አስቀድሞ ይንገር።