«አንዳስ» ልዩ ግስ ነች እንዴ?

ስዊድን ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ «አንዳስ»ን መቼም ታውቋታላችሁ፤ መተንፈስ ማለት ናት። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ስ» በስዊድንኛ ብዙ ጊዜ ግሱን ተደራጊ ታደርገዋለች። እዚህ ጋ ግን የሚተነፍሰው ራሱ ሰውየው ነው። ታዲያ «ልዩ ግስ ነው፣ ሸምድዱት» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም!

«ስ» የመጣችው በጥንቱ ኖርስ «ራሱን» ከሚል ቃል ነው። ተደራጊነቱ በኋላ የመጣ ሥራዋ ነው። የኛንም እዩት እስቲ፦ «ተሰበረ» ላይ ያለችው «ተ» «ተነፈሰ» ላይም አለች፤ የተነፈሰውን ሰውዬ ግን ማንም ተደራጊ አይለውም (ጎማ ካልሆነ በቀር 😀)። አማርኛውን ልብ ያለ ልጅ ለስዊድንኛው ሽምደዳ ምን ያደርግለታል? ምክንያቱን ንገሩት፣ ይገባዋል።

አይስላንዶች ደግሞ ለመተንፈስ ያለ ቅጥያ «አንዳ» ይላሉ። ቅጥያ ሲጨምሩባት፣ «አንዳስት» ስትሆን፣ ማረፍ ማለት ነው፤ መሞት! የመጨረሻዋን ትንፋሽ መስጠት እንደማለት። ስዊድናዊው የሚኖርባት ቃል አይስላንዳዊው የሚሞትባት ሆነች ማለት ነው። «አንደ» ደግሞ በስዊድንኛ መንፈስ ነው። እኛም ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፣ ትንፋሽ የምንለው ከአንድ ሥር አይደል?

ኖርዌይ ያላችሁ ግን «ፑስተ» ነው አይደል የምትሉት? እስቲ ጻፉልኝ።