ፊውዙ ምን በደለ?

መልእክተኛውን የሚመታ ጌታ መልእክቱን አያስቀርም። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ፊውዙን ረግሞ በቦታው የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ሰውም እንዲሁ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ነገር ቢኖር በጅማና በአዲስ አበባ መካከል በሚመላለሱ አሮጌ የጭነት መኪናዎች ላይ ይህ ልማድ ሥር ሰድዶ ማየታችን ነው። ጉዳዩ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን የጋራዥ ወሬ ይመስላቸው ይሆናል፤ እኛ ግን የትምህርታችንም ጉዳይ ነው እንላለን።

አሰንዳቦን የማያውቅ የጅማ ተማሪ አይገኝም። ከጅማ ተነሥተን ሰርቦን ካለፍን በኋላ የምናገኛት፥ ወደ ደነባና ወደ ሰኮሩ የምታሳልፈን ከተማ ናት። ከሰኮሩ ወዲያ ደግሞ መንገዱ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል። ቡና የጫነ መኪና ከነተሳቢው ያን ቁልቁለት በጨለማ፥ ያለ ኋላ መብራትና ያለ ፍሬን መብራት ሲወርድ ከበስተኋላው የሚመጣው አውቶቡስ በምን ያየዋል? ስለዚህ አሰንዳቦ ላይ የሚቃጠል አንድ ትንሽ ፊውዝ ግቤ ላይ የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

አያቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ ይሉት የነበረው ፊያት 634፥ ከእሱም በኋላ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው የፊያት 682 ዘር የሆነው ኤንትሬ የአገራችንን ጭነት ለብዙ ዘመን ተሸክመዋል። የእንደነዚህ ያሉ መኪናዎች ሞተር ሊታደስ፥ ጎማቸው ሊለወጥ፥ ቀለማቸውም ሊቀባ ይችላል። ሽቦአቸውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሽቦው ልባስ በሙቀት ይደርቃል፥ በጭቃና በዝናብ ይበላል፥ ከብረት ጋር እየተፋተገም ይላጣል።

ከባትሪው የሚነሣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ለመመለስ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሽቦ አያሻውም፥ የመኪናው ብረት ራሱ መመለሻው ነውና። እንግዲህ የተላጠው ሽቦ ብረቱን የነካ እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩ አምፖሉን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል። ሹፌሮች «ኮንታክት አደረገ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በከባድ መኪና ላይ 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ። 21 ዋት የሆነ የፍሬን አምፖል ከ1 አምፔር ያነሰ ይበቃዋል። በአቋራጩ መንገድ ያለው ሬዚስታንስ በጠቅላላው 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን ግን በኦም ሕግ መሠረት 240 አምፔር ይጎርፋል። የ10 አምፔር ፊውዝ ይህን ጎርፍ ለማቆም ራሱ ይቀልጣል። በእሱ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ወይም የሲጋራ ብራማ ወረቀት የገባ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ የሚግለው በመኪናው ሆድ ሥር የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ ነው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ከሽቦው ወደ ናፍጣው ቱቦ፥ ከቱቦው ወደ ሸራው፥ ከሸራው ወደ ቡናው እሳት መንገድ አያጣም። የገበሬው የዓመት ልፋት፥ የባለ መኪናው ንብረት፥ የሹፌሩና የረዳቱ ነፍስ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መፍትሔውን ከመጽሐፍ አስቀድመው ያገኙት ብልሆቹ የመንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናቸው። አንድ ደኅና ሠራተኛ ፒንሳውን ከማንሣቱ በፊት «ወንድሜ፥ የሚቃጠለው ፍሬን ስትይዝ ነው፥ መብራት ስታበራ ነው፥ ወይስ ጉድጓድ ሲመታህ?» ብሎ ሹፌሩን ይጠይቃል። ሐኪም በሽተኛን እንደሚጠይቅ መሆኑ ነው። ቀጥሎ በዚያ መስመር ያሉትን አምፖሎች ያወጣና በፊውዙ ቦታ 24 ቮልት 21 ዋት የሆነ አንድ አምፖል በሁለት ሽቦ ያገናኛል። ኮንታክቱ እስካለ ድረስ ይህ አምፖል ቦግ ብሎ ይበራል፤ ከ1 አምፔር በላይ ግን ስለማያሳልፍ ሌላ የሚቃጠል ነገር የለም። ከዚህ በኋላ የተሳቢውን የመብራት ገመድ ይነቅላል። አምፖሉ ከጠፋ በሽታው በተሳቢው በኩል ነው፤ ካልጠፋ በፊተኛው መኪና ላይ ነው። በአንድ መንቀል ብቻ የፍለጋው ሜዳ ተከፈለ። እንዲሁ እያለ መጋጠሚያውን ሁሉ በየተራ እየነቀለ መስመሩን ያጠብበዋል። ኮንታክቱ መኪናው ሲንገጫገጭ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ረዳቱ ሽቦውን እየነቀነቀ ይሄዳል፥ እሱ ከአምፖሉ ላይ ዐይኑን አይነቅልም። አምፖሉ ብልጭ ያለበት ቦታ በሽታው ያለበት ቦታ ነው።

ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ሽቦው በሻንሲው ቀዳዳ የሚያልፍበት፥ ወደ ጭስ ማውጫው የተጠጋበት፥ ውሃ የገባበት የኋላ መብራት ቤት፥ ወይም ከዚህ በፊት ሌላ ሰው በችኮላ በፕላስተር ጠቅልሎት የሄደ መጋጠሚያ ነው። የተበላው ሽቦ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፥ ብረቱን እንዳይነካ ጎማ ይደረግለታል፥ በመጨረሻም ትክክለኛው ፊውዝ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህ ሁሉ በክፍል ውስጥ «ሴሪስ ሰርኪዩት» እየተባለ የምንፈተንበት ትምህርት አይደለምን? በወረቀት ላይ የሚያሰላው ተማሪ ብዙ ነው፤ በአሰንዳቦ ፀሐይ ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚፈልገው ግን ጥቂት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ እጁ የሠለጠነው ወጣት ሠራተኛ አምፖሉ ለምን እንደሚበራ የሚያስረዳው አላገኘም። ከአሰንዳቦ ብዙ ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረቀውና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የግልገል ግቤ ጣቢያ ይገኛል። ያን ያህል ኀይል በሚመነጭበት አገር የ21 ዋት አምፖል ጥበብ ከመኪና ወደ መኪና፥ ከዩኒቨርሲቲ ወደ መንገድ ዳር መተላለፍ አቅቶት ማየት ያሳዝናል።

«አሮጌ መኪና ለምን ከመንገድ አይወጣም?» የሚሉ አሉ። አባባሉ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ መኪና የሚተዳደረው ቤተ ሰብ ምን ይብላ? ዛሬ አዲስ የሆነውስ መኪና ነገ አያረጅምን? ሽቦ የሌለው መኪና እስኪሠራ ድረስ ይህ በሽታ አብሮን ይኖራል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርናው ኮሌጅና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲመሠረት ተማሪን ወደ ሕዝብ የሚያወጣ የትምህርት ፈር ወርሷል። የጤና ተማሪ ወደ ገጠር ከወጣ የኤሌክትሪክ ተማሪ ወደ ጋራዥ የማይወጣበት ምክንያት አይታየንም። ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ቡና ከመጓጓዙ ወራት በፊት ፈቃደኛ ተማሪዎች ወደ አሰንዳቦና ወደ ሰርቦ ወጥተው ከሠራተኞቹ ጋር አብረው ይሥሩ፤ ያስተምሩም፥ ይማሩም። ሁለተኛ፥ ከላይ የገለጽነው አፈላለግ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ተባዝቶ ለሹፌሮችና ለረዳቶች ይታደል። ሦስተኛ፥ ሙያውን በእጃቸው የያዙ ወጣቶች የሙያ ብቃት ምዘና ወስደው ወረቀት እንዲያገኙ እናግዛቸው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ፊውዝ ተቃጠለ ሲባል የመዳብ ሽቦ የሚያቀብል ሳይሆን ሥሩን የሚፈልግ ምሩቅ እንሁን። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ አንድ አምፖልና ሁለት ሜትር ሽቦ ይዞ ይምጣ።